«ፖዘቲቭ» ከሚለው ቃል ሥር አንድ መስመር ይጨመርልን

ይድረስ፦ የኦቶአንቲቦዲ ምርመራ ለምትሠሩ ላቦራቶሪዎች፣ የምርመራ ኪት ለምታመርቱ ድርጅቶች፣ ውጤቱን በሽተኛ ፊት ለምታነቡ ሐኪሞች

ጉዳዩ፦ የሴትና የወንድ ውጤት በአንድ ልክ ስለሚለካበት ወረቀት

ጤና ይስጥልኝ።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው። ብዙ ዓመት ያሳለፍኩት ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ነው። ስለዚህ ውጭ ቆሜ ጣት እየቀሰርኩ አይደለም። የማማርርበት ወረቀት ላይ የኔም ፊርማ አለ።

እስቲ ከወረቀቱ ልነሳ። የማንንም የደም ምርመራ ውጤት አውጥታችሁ እዩ። ሂሞግሎቢን ላይ ስትደርሱ መደበኛው ልክ ለሴት ሌላ፣ ለወንድ ሌላ ነው። ክሬአቲኒን እንደዚያው። ዩሪክ አሲድ እንደዚያው። ፌሪቲንም እንደዚያው። ኮምፒውተሩ የሰውየውን ጾታ አይቶ የሚስማማውን ልክ ራሱ ይመርጣል። ወረድ ብላችሁ ኤኤንኤ ጋ ስትደርሱ ግን ጾታ ድራሹ ይጠፋል። «ከ1:80 በታች፣ ነጋቲቭ» ይላል፣ ለሁሉም። ለ19 ዓመት ጎረምሳም፣ ለ47 ዓመት ሴትም። ወረቀቱ አናት ላይ «ጾታ» የሚል ሣጥን አለ። ተሞልቷል። ለዚህኛው መስመር ግን የሚጠይቀው የለም።

ነገሩ እንግዳ ለሚሆንበት አንባቢ በአጭሩ ልበል። አንቲቦዲ ሰውነታችን የውጭ ጠላት የሚመክትበት መሣሪያ ነው። አንዳንዴ መሣሪያው ወደ ቤተሰቡ ይዞራል። የራስን ሴል የሚነካው ኦቶአንቲቦዲ ይባላል። ኤኤንኤ የሚባለው ምርመራ የሴልን አስኳል የሚነኩትን በጅምላ ይይዛል። የሰውነት መከላከያ ቆዳን፣ መገጣጠሚያንና ኩላሊትን ለሚያጠቃበት ሉፐስ፣ ዓይንና አፍን ለሚያደርቀው ሾግረን፣ ቆዳን ለሚያደድረው ስክለሮደርማ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው በር እሱ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ስላይድ ላይ የተዘረጉ ሄፕ-2 የሚባሉ ሴሎች አሉ። የበሽተኛውን ሴረም፣ ማለትም ከደሙ የተለየውን ፈሳሽ፣ 80 ጊዜ አቅጥነን እናንጠባጥብባቸዋለን። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተን እናጥባለን። ቀጥሎ የሚያበራ ቀለም የተሸከመ ሌላ አንቲቦዲ እንጨምራለን። እንደገና እናጥባለን። መብራት ይጠፋል። ሴረሙ ውስጥ የምንፈልገው ነገር ካለ የሴሎቹ አስኳል በጨለማው ውስጥ እንደ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ይፈካል። ከሌለ ደብዛዛ ጥላ ነው። ካበራ እጥፍ በእጥፍ እናቀጥነዋለን፤ 160፣ 320፣ 640 እያልን ብርሃኑ እስኪከስም። ለመጨረሻ ጊዜ ያበራበት ቁጥር ታይተሩ ነው። ንባቡ በዓይን ስለሆነ አንዱ 160 ያለውን ሌላው 320 ቢል ማንም አይገረምም።

ማይክሮስኮፑ ሥር ጾታ የለም። ያለው ሴረሙ የተንጠባጠበበት የስላይዱ ጉድጓድ ቁጥር ነው። ይህ ደግ ነው፤ ዓይናችን አያዳላም። ጣጣው ከማይክሮስኮፑ ተነስተን ወረቀቱ ላይ ስንጽፍ ነው የሚመጣው።

ቁጥሮቹ እነሆ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 4,754 ሰዎች ደም መርምሯል። ሰዎቹ የተመረጡት የአገሩን ሕዝብ እንዲወክሉ እንጂ ታመው ስለመጡ አይደለም። በ1:80 ኤኤንኤ የተገኘባቸው ሴቶች ከመቶ 17.8 ሆኑ። ወንዶች ከመቶ 9.6። እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። ልዩነቱ አፉን የሚከፍተው ደግሞ ከ40 እስከ 49 ዓመት ባሉት ላይ ነው።

አሁን ይህን ከበሽታው አጠገብ አስቀምጡት። በዚያው አገር ሉፐስ ያለባቸው ሴቶች ከ100,000 ውስጥ 129 ገደማ ናቸው፤ ወንዶች 15 ገደማ። በግርድፉ እናስላው። ከ100,000 ሴቶች 17,800 ያህሉ ፖዘቲቭ ይወጣሉ፤ ሉፐስ ያለባቸው 129። ከ100,000 ወንዶች 9,600 ያህሉ ፖዘቲቭ ይወጣሉ፤ ሉፐስ ያለባቸው 15። ምንም ምልክት የሌለውን ሰው ሁሉ እየያዝን ብንመረምር አንዲት የሉፐስ ታማሚ ለማግኘት ወደ 140 «ፖዘቲቭ» እናትማለን። አንድ ወንድ ለማግኘት 640። የምናትመው ቃል ግን ለሁሉም ያው ነው።

አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ መስኮታችን ላይ መጡ። አርባዎቹን የጀመሩ ናቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው አጣጥፈው የክብሪት ቀፎ አሳክለውታል። «ወንድሜ፣ ኢንተርኔት ላይ አይቼዋለሁ፤ ይሄ ሉፐስ ነው አይደል?» አሉኝ። ዘርግቼ አየሁት። 1:80። ደጋግመው ይደክማቸዋል፤ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸዋል። ሽፍታ የለም። ያበጠ መገጣጠሚያ የለም። ሽንታቸው ንጹሕ ነው። ለምን እንደታዘዘላቸው ስጠይቃቸው «ሁሉንም አንድ ላይ እንየው ተባልኩ» አሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጆቼን ለማን ጥዬ ነው ሲሉ ነው የከረሙት። እኔ መስኮት ላይ ቆሜ ውጤት መተርጎም አይፈቀድልኝም። «ሐኪምዎን ያነጋግሩ» ብዬ ሸኘኋቸው። ከስድስት ሴቶች አንዷ ላይ እንዲህ ዓይነት ውጤት እንደሚገኝ፣ ከነዚያም ውስጥ እጅግ የሚበዙት ሉፐስ እንደሌለባቸው ወረቀቱ ራሱ ቢነግራቸው ምን ነበረበት?

ሌላው ታሪክ ተገላቢጦሽ ነው። 24 ዓመት የሞላው ወጣት። 1:1280፣ አስኳሉ ሁሉ ወጥ ሆኖ የበራ። እንዲህ ሲፈካ ዓይን ይወጋል። ውጤቱን በላክን ማግስት ያዘዘው ሐኪም ደወለ።

«ናሙና ተቀያይሮ እንዳይሆን?»

«አልተቀያየረም ዶክተር።»

«ወንድ እኮ ነው።»

ደገምነው። ያው ሆነ። ሌላ ደም ይቀዳ ተባለ። ተቀዳ። ያው ሆነ። በዚህ መሃል ልጁ ለመገጣጠሚያው ማስታገሻ እየዋጠ ነው፤ ያውም ኩላሊት ሲታመም የማይመከረውን ዓይነት። ሽንቱን ማየት ትዝ ያለው ሰው የተገኘው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ፕሮቲን በፕሮቲን ሆኗል፤ ኩላሊቱ ተነክቷል ማለት ነው። ሴት ብትሆን ሽንቷ በመጀመሪያው ቀን ይታይ ነበር ብዬ አምናለሁ። አልምልም፣ ግን አምናለሁ።

ሐኪሙን ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም። ሉፐስ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ እንደሚበዛ ሁላችንም ተምረናል፤ ዘጠኝ ለአንድ እያልን ለፈተና ሸምድደነዋል። ነገር ግን ዘጠኝ ለአንድ ማለት ከአሥር ታማሚ አንዱ ወንድ ነው ማለት ነው። ያ አንዱ ደግሞ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ኩላሊቱን ይዞ ነው የሚመጣው። የ640ው ስሌት የሚሠራው ምልክት ለሌለው ሰው ነው። መገጣጠሚያው አብጦ፣ ፊቱ ፀሐይ ሲነካው እየቀላ፣ 1:1280 ይዞ ለመጣ ሰው ያ ስሌት ዋጋ የለውም። ስለዚህ የጾታ ቁጥሩ በሁለቱም በኩል ሰው ጎድቷል። ሴትዮዋን ማንም ስላልነገራቸው፣ ወጣቱን ሁሉም አጉል ስላስታወሰው።

እዚህ ላይ ትንሽ ገታ ብዬ ስለ ታይሮይድ ልናገር፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ሳገኝ ሁልጊዜ ስለሚገርመኝ። የታይሮይድ ዕጢን የሚነካ ቲፒኦ የሚባል ኦቶአንቲቦዲ አለ። ሴቶች ላይ ከወንዶች እጥፍ ያህል ይገኛል። መደበኛ ልኩ ከየት መጣ? በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ክሊኒካል ባዮኬሚስቶች አካዳሚ መመሪያ ልኩ ከነማን ደም እንዲወሰን እንደሚል ታውቃላችሁ? ከወንዶች። ዕድሜያቸው ከ30 በታች የሆነ፣ እንቅርት የሌለባቸው፣ በቤተሰባቸውም የታይሮይድ በሽታ የሌለባቸው 120 ሰዎች። ሴት የለችበትም።

ምክንያቱ ሞኝነት አይደለም። ሴቶቹ ቢገቡ ገና ምልክት ያላሳየ የታይሮይድ ሕመም አብሮ ይገባና ልኩን ሽቅብ ይጎትተዋል ነው ነገሩ። እኔም ብሆን ያን ሳልፈራ አልቀርም። ግን ውጤቱን አስቡት። ለምርመራው በብዛት የምትመጣው ሴት ናት፤ መመሪያው በተከበረበት ቦታ የምትለካው በወጣት ወንድ ደም ነው። ይህን እሷም አታውቅም፣ ብዙ ጊዜ ሐኪሟም አያውቅም። ምርጫው ተገቢ ከሆነ መናገሩ ምን ያሳፍራል?

ሁሉም ምርመራ እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። ለሩማቶይድ አርትራይተስ የሚታዘዘው ፀረ-ሲሲፒ በጾታ ይህን ያህል አይወላወልም፤ ስለሱ አልጨቀጭቃችሁም። ስክለሮደርማ ላይ ግን ልዩነቱ በዓይነቱ ነው። ሴቶቹ ላይ ሴንትሮሜር የሚባለውን የክሮሞዞም ክፍል የሚነካው ይበዛል። ወንዶቹ ላይ ቶፖአይሶሜሬዝ የሚባለውን ኢንዛይም የሚነካውና ሳንባን የሚያስፈራው ከሴቶቹ ይልቅ ይበረክታል።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚል፣ መልሱ አንድ አይደለም። ኢስትሮጅን አንቲቦዲ አምራች ሴሎችን ያበረታል፤ ቴስቶስትሮን ያቀዘቅዛል። ግን ሆርሞን ብቻ አይደለም። ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ ክሮሞዞም ይዘው የሚወለዱ ወንዶች አሉ። አንድ ኤክስ ብቻ ካላቸው ወንዶች ጋር ሲወዳደሩ ሉፐስ የመያዝ ዕድላቸው 14 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ወንድ ሆነው ዕጣቸው ወደ ሴቶቹ ቀረበ ማለት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የስታንፎርዱ የሃዋርድ ቻንግ ቡድን ሌላ ነገር አመጣ። ሴት ከሁለት ኤክሷ አንዱን ዝም የምታሰኝበት ኤክዚስት የሚባል አርኤንኤ አለ። ብዙ ፕሮቲን ተሸክሞ ነው የሚኖረው። ከነዚያ ፕሮቲኖች ብዙዎቹ የኦቶአንቲቦዲ ዒላማ ሆነው ተገኙ። ይህን አርኤንኤ እንዲያመርቱ የተደረጉ ወንድ አይጦች፣ ለበሽታው በሚጋለጠው ዝርያ ውስጥ፣ ሰውነታቸውን የሚያስቆጣ ኬሚካል ሲሰጣቸው እንደ ሴቶቹ ታመሙ። የሚያበረታታው ወሬ ይሄ ነው፤ ክሊኒክ እስኪደርስ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

«ኦቶአንቲቦዲ የሴት ነገር ነው» ብላችሁ እንዳትደመድሙ የኮቪድን ጊዜ ላስታውሳችሁ። ቫይረስን የሚመክተውን ኢንተርፌሮንን የሚያመክን ኦቶአንቲቦዲ አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ ኮቪድ ሳንባቸውን አጥቅቶ ለሞት ካሰጋቸው 987 ሰዎች 101ዱ ላይ ተገኘ። ከ101ዱ ስንቱ ወንድ ነበር? 95ቱ። እኔ ቁጥሩን ሳነብ መጀመሪያ የተገላበጠ መስሎኝ ነበር። ያ ስልክ የደወለው ሐኪም ለካ እኔም ውስጥ አለ።

የወገብ አጥንትን የሚያግደው አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይተስም አለ። ወንድ ላይ ይበዛል ስለተባለ ሴቶቹ ዓመታት «ድካም ነው፣ አቀማመጥሽን አስተካክዪ» እየተባሉ ይንከራተታሉ። እሱን የሚናገር ኦቶአንቲቦዲም የለም፤ ነጋቲቭ ወረቀት ይዘው ይመለሳሉ።

እንግዲህ የምጠይቀውን ልጠይቅ።

ላቦራቶሪዎች ሆይ፣ ለሴቶች የኤኤንኤን ድንበር ከፍ አድርጉ እያልኩ አይደለም። ይህን ሐሳብ ባልደረባዬ ጋር ተከራክረንበታል፤ እሱ ከፍ ይበል ባይ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ምክንያቱም የሴቶቹ ፖዘቲቭ ሁሉ ከንቱ ብርሃን አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ሉፐስ ከተገኘባቸው 130 የአሜሪካ ወታደሮች 115ቱ ከመታወቁ በፊት፣ አንዳንዶቹም ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ የተቀመጠ ደማቸው ውስጥ ኦቶአንቲቦዲ ነበረባቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የሉፐስ መለያ መስፈርትም በሩን 1:80 ላይ ነው የከፈተው፣ ለወንድም ለሴትም። ድንበሩ ባለበት ይቆይ። የምለው ከቁጥሩ ሥር ሰው የሚገባው አንድ ዐረፍተ ነገር ይኑር ነው። «በዚህ ታይተር፣ በዚህ ዕድሜና ጾታ ካሉ ሰዎች ከመቶ ይህን ያህሉ ላይ ይገኛል» የሚል። ታይተሩ ሲጨምር ቁጥሩ እንዴት እንደሚወርድም ይታይ። ጤነኞች ላይ በተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት በ1:80 ከመቶ 13 ያህል የነበረው በ1:320 ወደ 3 ወርዷል። ሴትዮዋ 80፣ ወጣቱ 1280 ይዘው ነበር። ሁለቱም ወረቀት ላይ የነበረው ቃል ያው «ፖዘቲቭ» ነው፤ ያውም በደማቅ ፊደል።

ደግሞ ወረቀቱ የሚያውቀውን ጾታ ለሚጠቅም ነገር ተጠቀሙበት። ፀረ-ሮ የሚባለው ኦቶአንቲቦዲ ልትወልድ የምትችል ሴት ላይ ሲገኝ ነገሩ ከሷ ያልፋል። በእንግዴ ልጅ አልፎ የፅንሱን የልብ ምት መስመር ሊያቋርጥ ይችላል። የሚሆነው ከመቶ እርግዝና አንድ ወይም ሁለት ላይ ነው፤ ክትትል የሚያስፈልገው ከ16ኛው እስከ 26ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ወንድ ላይ ይህ ጉዳይ የለም። ታዲያ ለሁለቱም አንድ ወረቀት ማተም ምን ይሉታል? «እርግዝና ካሰቡ ይህን ውጤት ለሐኪምዎ ያሳዩ» ብሎ መጻፍ ቀለም አይፈጅም።

ኪት አምራቾች፣ በሣጥኑ ውስጥ በምትልኳት ቀጭን ወረቀት ላይ «ከጤነኛ ሰዎች የተወሰደ» ብላችሁ አትለፉ። ስንት ሴት? ስንት ወንድ? ዕድሜያቸውስ? ደም ለጋሾች ናቸው? ደም ለጋሽ ብዙ ቦታ ወጣትና ወንድ ይበዛበታል። መደበኛ ልክ በጾታ ሲከፈል ለእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ 120 ሰው ይፈለጋል የሚለውን ደንብ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሂሞግሎቢን ላይ አክብራችሁታል። እዚህም አክብሩት።

ሐኪሞች፣ የናንተ ጥያቄዬ አጭር ነው። ድካም ብቻ ይዛ የመጣችን ሴት ከመመርመራችሁ በፊት ፖዘቲቭ ቢወጣ ምን እንደምታደርጉበት አስቡ። መልሱ «ምንም» ከሆነ አትዘዙት። ወንድ ላይ ከፍ ያለ ታይተር ስታዩ ስልኩን ከማንሳታችሁ በፊት የሽንት ማሰሮ ስጡት። ናሙናው ተቀያይሮ እንደሆነ እኛ እናጣራለን፣ ሥራችን ነው። ሽንቱ ግን እየጠበቀ ነው።

እኔ የምሠራበት ቦታ ይህን መስመር ለመጨመር ጠይቄ ነበር። «ሲስተሙ አይፈቅድም» ተባልኩ። ሲስተሙ ሂሞግሎቢንን እንዴት እንደሚፈቅድ ጠይቄ መልስ እየጠበቅኩ ነው። እስከዚያው ረቂቁን እዚህ አስቀምጬዋለሁ፣ የፈለገ ይውሰደው፦

«ኤኤንኤ 1:80፣ ፖዘቲቭ። ይህ ውጤት ከመቶ ሴቶች 18 ያህሉ፣ ከመቶ ወንዶች 10 ያህሉ ላይ ይገኛል፤ አብዛኞቹ የሉፐስ በሽታ የለባቸውም። ሽፍታ፣ የመገጣጠሚያ እብጠት ወይም የሽንት ለውጥ ካለ፣ ሴትም ይሁን ወንድ፣ ሳይዘገይ ይታይ።»

አገላለጹን ካልወደዳችሁት አሻሽሉት። ቁጥሩም የራሳችሁን ሕዝብ መርምራችሁ ስታገኙ ይቀየር። ቦታው ግን «ፖዘቲቭ» ከሚለው ቃል ሥር ነው፣ ከወረቀቱ ጀርባ አይደለም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ